የቀልቤ ቀልብ

ስልኩን ያነሳችው እሷ ባትሆን ኖሮ ያ ሰውዬ ምን ይውጠው እንደነበር እንጃ። ሚስቱን ሊፍት ውስጥ ምጥ ይዟታል፤ ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መሃል ቀጥ ብሏል፤ እሱ ደግሞ «ሰው ላኩልኝ! ሰው ላኩልኝ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣ ብሎታል።

«ወንድሜ፣ አምቡላንሱ ወጥቷል፤ ሊፍት የሚከፍቱትም ከኋላው ናቸው» አለችው። «እስኪደርሱ እኔ አለሁልህ። ድምፁን ከፍ አድርገውና ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጠው።»

«እጄ... እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ይንቀጥቀጥ። የሚንቀጠቀጥ እጅም ኮት ያወልቃል። አውልቀውና ከሥሯ አንጥፈው።»

እንዲህ እያለች፣ አንዱን ነገር ከሌላው ሳታጋጭ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሰውየውን እጁን ይዛ የምትመራው ይመስል አደረሰችው። በስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ አጠገቧ ያሉት ባልደረቦቿ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አንዷ አቀፈቻት። እሷ ግን ማዳመጫውን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርገው፤ እንዳይበርደው» እያለች ነበር።

ቀልቤ ማለት ይህቺ ናት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ እሱ ግን መዝገብ ላይ ብቻ ቀርቷል። ገና ሕፃን ሳለች አባቷ በየቀኑ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቀልብሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» ይላት ነበርና ጥያቄው እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ስም ሆነ። ወተት ግዢ ተብላ ተልካ ክንፉ የተሰበረ ወፍ ይዛ የምትመጣ ልጅ ነበረች፤ ወተቱ ካልተነሳ ትዝ አይላትም። ትምህርት ቤትም ቢሆን መምህሮቿ ሁሉ ተማክረው የጻፉት ይመስል፣ «ጭንቅላት አላት፤ ግን ግዴለሽ ናት» ይሏት ነበር። የምትረብሽ ልጅ አልነበረችም። መስኮት ዳር ቁጭ ብላ፣ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ፣ እሷ ግን ሌላ አገር። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ማን ልብ ይለዋል?

አድጋም ያው ናት። ልብስ መደብር ተቀጠረች፤ ደንበኛ ልብስ እስኪለካ ስትጠብቅ የመደርደሪያውን ልብስ ሁሉ አውርዳ በቀለም መደርደር ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀመጠች፤ እንግዶቹን ወደደቻቸው፣ መልእክታቸውን ግን ውሃ በላው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የአደጋ ጥሪ መቀበያ ክፍል የገባችው። እዚያ ስልክ በጮኸ ቁጥር የአንድ ሰው ዓለም እየተናደ ነው። የሌላው ሰው ልብ ድው ድው ሲል የእሷ ይረጋል፤ በአእምሮዋ ውስጥ የሚተራመሰው ሁሉ ጸጥ ይልና አንድ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ሰዎች «ጎበዝ» አሏት።

ያ ሕፃን በተወለደበት ቀን ማታውን ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ቁልፏ ጠፋ። ቦርሳዋን ደረጃው ላይ ዘረገፈችው፤ ማንኪያ ወጣ፣ አንድ እግር ካልሲ ወጣ፣ ሰሞኑን ቤቱ ሁሉ ሲፈለግ የከረመው የቴሌቪዥን ሪሞት ወጣ። ጎረቤቷ ደረጃውን እየወጣች፣ «እህቴ፣ ቁልፉ እኮ በሩ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ተሰክቶ ነው የዋለው» አለቻት።

ባሏ በያጅ ነው፤ ሲናገርም እንደ ሥራው ረጋ ብሎ፣ ነጥብ በነጥብ ነው። የዚያን ዕለት ይህን ሲሰማ፣ «ሌባም ቢያየው 'ወጥመድ ነው' ብሎ እግሬ አውጪኝ ይላል» ብሎ ሳቀ። ከጋብቻቸው መጀመሪያ ላይ ሹራብ ልትሠራለት ጀምራ አንድ እጅጌ ስታደርስ ተወችው፤ እሱ ግን ቁምሳጥኑ ውስጥ አጥፎ አስቀምጦታል። ሰው ሲጠይቀው፣ «አንዱ እጄን እኮ ያሞቃል» ይላል። ቀልቤም አብራው ትስቃለች። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ መስታወቱን ታየውና፣ «ግዴለሽ» ትለዋለች። ይህን ማንም አያውቅም።

ያ ክፉ ቀን የመጣው እናቷ የዓይን ሞራቸውን ሊያስነሱ ክሊኒክ በገቡበት ዕለት ነው።

ነገሩን ሁሉ ያደራጀችው ታላቅ እህቷ ናት፤ ቤተሰቡ «እትዬ» ነው የሚላት። እትዬ ባንክ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ናት፤ ጫማዋ እንኳ በር ላይ ሲወልቅ ሁለቱም እግር ተስተካክሎ ነው የሚቆመው። ሐኪሙን ያገኘችው እሷ፣ ጠዋት እናቷን ያደረሰችው እሷ። ለቀልቤ የተተወላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀትር ላይ እናቷን ከክሊኒኩ ተቀብላ ወደ ቤት መውሰድ። ዕለቱም የዕረፍት ቀኗ ነው።

«ቀልቤ፣ ይሄንን እንኳ» አለቻት እትዬ በዋዜማው።

«እትዬ ሙች አልረሳም።»

አልረሳችምም። ጠዋት የተነሳችው እናቷን እያሰበች ነው። ስልኳ ላይ ደወል ሞላች። ከዚያ እናቷ ከክሊኒክ ስትወጣ ነፋስ እንዳይመታት ብላ ለስላሳውን ሻርፕ ልታወጣ መሳቢያውን ሳበችው፤ መሳቢያው ተቀርቅሮ እምቢ አለ። ጎንበስ ብላ ስታየው ሐዲዱ ተጣሟል። ሐዲዱን ልታቀና ብሎኑን ፈታች፤ ብሎኑን ስትፈታ የታችኛውም መሳቢያ የላላ መሆኑን አየች። ደወሉ ጮኸ። «እሺ፣ ይህቺን አንዲት ብሎን ብቻ» አለችና አጠፋችው። ስልኩን ከአልጋው ላይ አኖረችው፤ ቀጥሎ ከመሳቢያው ያወጣችውን ልብስ በላዩ ከመረችበት። ከዚያ ወዲያ ቀትር የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። ብሎን፣ ሐዲድ፣ እንጨት፣ የእንጨቱ ሽታ፤ በቃ።

ቀና ያለችው የመስኮቱ ብርሃን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻግሮ ስታየው ነው።

ከልብሱ ክምር ሥር ስልኩን ስታወጣው እትዬ ደጋግማ ደውላለች፤ የክሊኒኩም ቁጥር አለበት። ደመ ነፍሷን ሮጠች። ታክሲ ውስጥ ነው ሁለት የተለያዩ ጫማዎች ማድረጓን ያየችው። ክሊኒኩ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው፣ «ዓይናቸው የታሸገው እናት ናቸው? እዚህ አግዳሚ ላይ ከእኔ ጋር ነበሩ፤ ልጃቸው አሁን መጥታ ወሰደቻቸው» አላት። «ልጃቸው» ያለው እትዬን ነው።

ቀልቤ እናቷ ቤት ስትደርስ እትዬ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆማለች። እናቷ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ግማሽ ፊታቸውን ነጭ ፋሻ ሸፍኖታል።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ምንም አትበዪኝ!» አለች እትዬ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ለማታውቂው ሰው ሁሉ ትደርሻለሽ። ሊፍት ውስጥ ለምትወልደው፣ አጥንት ለተሰነቀረበት፣ ለሁሉም። እዚያ ቀልብ አለሽ። ለእናትሽ ሲሆን ነው የሚጠፋብሽ? ትችያለሽ እኮ! ስትፈልጊ ትችያለሽ። ብትወጃት ኖሮ አትረሻትም ነበር።»

«ተያት እስቲ» አሉ እናትየው ከሶፋው ላይ። «ደክሟት ይሆናል። ነይ ቁጭ በይ ልጄ፤ ምሳ በልተሻል?»

ቀልቤ የእህቷን ነገር ትችለው ነበር፤ ይህቺ «ምሳ በልተሻል?» የምትባለዋ ናት አንጀቷን የቆረጠችው። አልተቀመጠችም። በመጣችበት ጫማ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ፣ እያነባች ወጣች።

በማግስቱ ሥራ ገባች። ጥሪዎቹን እንደወትሮዋ ተቀበለች፤ ከአንድ የመኪና ግጭት ተጎጂ ጋር እርዳታ እስኪደርስ ቆየች። ማዳመጫውን ስታወልቅ ግን ሻይ መጠጫው ክፍል ገብታ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ቁጭ አለች። አለቃዋ በር ላይ ቆመ። ድሮ ነርስ የነበረ፣ ሰው ሲያለቅስ የማይደነግጥ ሰው ነው። ሻይ ቀድቶ ፊቷ አኖረና ተቀመጠ፤ እሷም የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችለት።

ሰምቶ ሲያበቃ፣ «አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝም?» አላት። «ከጥሪ ተቀባዮቼ ሁሉ አንቺን የሚያህል የለኝም። ከጥሪ በኋላ የሚሞላውን ሪፖርት ግን ካንቺ ለማግኘት ልመና ነው። መጀመሪያ ንቀሽኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳይሽ ግን ሪፖርቱ ፊት ቁጭ ብለሽ ስትሰቃዪ አየሁ። የናቀ ሰው እንዲህ አይሰቃይም። ታናሽ ወንድሜ እንዳንቺ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የችግሩን ስም ነገሩት፤ ኤዲኤችዲ፣ የትኩረት ማነስ የሚሉት።»

«እሱ እኮ ወንበር ላይ መቀመጥ የማይችሉ ወንዶች ልጆች ነገር ነው» አለች ቀልቤ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እኔ ትልቅ ሴት ነኝ። ደግሞ መሳቢያ ሥር ግማሽ ቀን ሳልነቃነቅ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ምን ዓይነት የትኩረት ማነስ ነው እንዲህ ያለው?»

«ወንድሜም እንዲሁ ነበር ያለው። ሂጂና ጠይቂ፤ ካልሆነም አልሆነም።»

ሄደች። ማለት፣ ልትሄድ ሞከረች፤ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ረሳችው። ሁለተኛው ላይ በሰዓቱ፣ ልብሷን አሳምራ፣ ኮርታ ደረሰች፤ ቀኑ ግን ነገ ነበር። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ሳቋን እየዋጠች፣ «አይጨነቁ፤ ሐኪሟ ዘንድ የሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ በትክክለኛው ቀን አይመጡም። ይቀመጡ፣ ላስገባዎት» አለቻት። ቀልቤ ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ስትሰማ እስክሪብቶዋን የምታስቀምጥ ሴት ናት። ብዙ ጠየቀቻት። በመጨረሻ፣ «ይሄ ነገር ካለ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነው። በልጅነትዎ የሚያውቅዎት ሰው ቢያመጡልኝ ጥሩ ነበር። እናትዎ አሉ?» አለቻት።

ቀልቤ ቤቷ ገብታ ቀኑን ሙሉ ስልኩን አነሳች፣ አስቀመጠች። «እማዬ፣ በር ላይ ጥዬሽ ስለቀረሁ ሐኪም ዘንድ መጥተሽ መስክሪልኝ» እንዴት ይባላል? ኋላ ባሏ ራሱ ደውሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈው።

እናትየው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታመሻል እንዴ?» ብቻ አሉ።

«አላውቅም እማዬ።»

«እመጣለሁ።»

የመጡት ግን ብቻቸውን አይደለም። እትዬ ክንዳቸውን ይዛ ነው የገባችው፤ «አደርሳታለሁ» ያለችው እሷ ናት፤ በቀልቤ እጅ ከእንግዲህ እናቷን የምትሰጥ አልመሰለችም። ሦስቱም ሐኪሟ ፊት ተደርድረው ተቀመጡ፤ እናት መሃል።

«እማማ፣ ልጅዎ በልጅነቷ እንዴት ነበረች?» አለች ሐኪሟ።

እናትየው እንደ መሳቅ አሉ። «ምኑ ተነግሮ ያልቃል? ማታ ያጠናችውን ጠዋት ደብተሩን ራሱን ቤት ጥላው ትሄዳለች። ጫማዋ ጠፍቶ አፋልጉኝ ስትለን እግሯ ላይ እናገኘዋለን። ስጠራት አትሰማም፤ ከጎኗ ቆሜ ስጠራትም አትሰማም። ጆሮዋን አስመርምሬያለሁ እኮ! ጆሮዋ ደህና ነው አሉኝ። ደህና ከሆነማ ንቃኝ ነው ብዬ ቆነጠጥኳት።» የሻሻቸውን ጫፍ እየነካኩ ቀጠሉ። «አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤት ማድ ቤት ተቃጠለ። ትልልቆቹ ሰዎች ደንዝዘን ስናይ እሷ ናት ሮጣ የጋዙን ሲሊንደር የዘጋችው። ገና ጥርሷ እየረገፈ ያለ ልጅ። ከየት አመጣችው ብለን አፋችንን ያዝን። በማግስቱ ያው ደብተሯን ረስታ ሄደች።»

«ይሄው ነው እኔም የምለው» አለች እትዬ ከመቀመጫዋ ወደ ፊት እየተሳበች። «ትችላለች። ስትፈልግ ትችላለች። ሥራዋ ላይ ትችል የለ? ታዲያ እቤት ሲሆን ለምንድነው የማትችለው?»

ሐኪሟ ለጥያቄው አልተቆጣችም። «ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እሷም ራሷ እንዲህ እያሰበች ነው የኖረችው። ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ ትኩረት የሌላት ይመስላል። ትኩረቷ አልጠፋም። የማይታዘዝላት ነው። እሳት ሲነሳ፣ ሰው ሲጮህ፣ አዲስ ነገር ዓይኗ ሥር ሲገባ ትኩረቷ ራሱ ሮጦ ይሄዳል፤ እሷ አልላከችውም። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ነገር ሲሆን ደግሞ ብትለምነውም አይመጣም። ቀትር ላይ ያለ ቀጠሮ አይጮህም፤ እትዬ፣ አጠገቧ ያለ የላላ ብሎን ግን ይጮሃል።» የቤተሰቡን አጠራር ሰምታ እሷም «እትዬ» አለቻት፤ እትዬ ሳታስበው ፊቷ ፈታ አለ።

«ሰው የሚወደውንም ነገር እንዲህ ይረሳል?» አለች ቀስ ብላ።

«ይረሳል። በዚያ ቀን መሳቢያውን የከፈተችው ለምን እንደሆነ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

እትዬ ወደ እህቷ ዞረች። ቀልቤ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ሻርፕ ላወጣ ነበር። እማዬን ነፋስ እንዳይመታት» አለች።

እትዬ ከንፈሯን ነከሰች፤ በእናታቸው ጀርባ በኩል እጇን ሰዳ የእህቷን ትከሻ ያዘች። እናትየው ወደ ሐኪሟ ዞሩ።

«እንዲህ ያለው ነገር ከየት ነው የሚመጣው፣ ልጄ?»

«አብሮ የሚወለድ ነው፣ እማማ። ብዙ ጊዜ በዘር ውስጥ ይሄዳል።»

«በዘር?» እናትየው ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጆቻቸው ያለቀሱ መስሏቸው ሁለቱም ጎንበስ ሲሉ ሳቅ ነው። «ያን ቀን እኮ ክሊኒኩ በር ላይ ብዙም አልተከፋሁም! ዘበኛው ስለ ርግቦቹ ሲያጫውተኝ፣ የትኛዋ ከየትኛው ጋር እንደተጣላች፣ የትኛዋ እንደታረቀች፣ ጊዜው መሄዱን አላወቅኩትም። እትዬ መጥታ 'ቀልቤ የት አለች?' ስትለኝ ነው እኔ ራሴ ቀልቤን መጠበቅ እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ።»

«እማዬ!» አለች እትዬ።

«ምን 'እማዬ' ትያለሽ? የሻሼን ጫፍ አይተሽ አታውቂም? ለጌጥ ነው የምቋጥረው? አንዱ ቋጠሮ ምድጃውን አጥፊ ማለት ነው፤ ሌላው ልጆቹን አምጪ ማለት ነው። አያታችሁ እጄን በማማሰያ እየመታች ነው ያስተማረችኝ። ድስት ሲያርብኝ ጨርቁን ታስቋጥረኛለች። እኔም ቀልቤን ስቆነጥጣት የማስተምራት መስሎኝ ነበር።» ሳቁ እየሞተ ሄደ። የልጃቸውን እጅ ፈልገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና በአውራ ጣታቸው አሻሹት። ቀልቤ ይህን ሁሉ ዓመት የእናቷን ቋጠሮ ስታይ ኖራ ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም ነበር።

ሐኪሟ ነገሩ ያው ኤዲኤችዲ መሆኑን አረጋገጠችላት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው የሚደሰት ይመስለዋል። ቀልቤም ለጥቂት ቀናት ተደሰተች፤ ከዚያ ግን ሐዘን እንደ ጉንፋን ያዛት። ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ባሏ ብየዳ ቤት ሄደች። ባሏ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፍቶ ሲያያት ገባው፤ መሣሪያውን አጠፋና የብረት ቱቦ ላይ አጠገቡ አስቀመጣት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን» አለችው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ራሴን ስሰድብ ነው የኖርኩት። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበር?»

በያጁ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። «አልዋሽሽም፣ እኔም አንዳንዴ ይደክመኛል። አውቀሽ የቤቱን ነገር እኔ ላይ የምትጥይው የመሰለኝ ጊዜም አለ። ግን ግዴለሽ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም። ግዴለሽ ሰው ስለ ረሳው ነገር አያለቅስም።»

«ደክሞህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስነግርሽ ታለቅሻለሽ።»

«አሁንም እያለቀስኩ ነው።»

«እንግዲያው ከሰርኩ» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። የዚያን ዕለት ግን ከሳቁ በኋላ ወሬው አልተቋረጠም። የሚደክመውን አንድ በአንድ ነገራት፤ እሷም የምታፍርበትን፣ መስታወቱን ጨምሮ፣ ነገረችው። እንዲህ ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው መድኃኒት አልተስማማትም፤ አፏን አደረቀው፣ የምግብ ፍላጎቷንም ዘጋው። የተለወጠላት ሻል አለ። እንዴት እንደሆነ ለእህቷ ስትነግራት፣ «ብዙ ሬዲዮ በአንድ ላይ የተከፈተበት ቤት ውስጥ ስኖር ነበር። አሁን አንድ ሁለቱን ዘጋልኝ፤ የቀሩት አሁንም ያወራሉ» አለቻት። ባሏ በሩ አጠገብ የብረት ሳህን በየደላት፤ ከውጭ ስትገባ እጇ ራሱ የሚያገኘው፣ ቁልፍ ሲወድቅበት ደወል የሚመስል ድምፅ የሚሰጥ። አለቃዋ ሪፖርቱን ከጥሪው እንደወጣች፣ ገና ትኩስ እያለ፣ በቃሏ እንድትነግረውና ሌላ ሰው እንዲተይበው ፈቀደላት። እንዲህም ሆኖ የምትረሳው ነገር አልጠፋም። ወጥ ያርራል። ልደት ይረሳል። አንዳንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ መስታወቱ ፊት ትቆማለች፤ የድሮው ስድብ አፏ ላይ ይመጣል፤ ግማሹን ትለውና ትተወዋለች።

እትዬ በቃል ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው አይደለችም። አንድ ቀን ቀልቤ ስልኳን ስታነሳ እህቷ የሥራ ድምፅዋን አውጥታ፣ «የአደጋ ጥሪ ነው!» አለቻት።

ቀልቤ ብድግ አለች። «ምን ሆንሽ?!»

«እማዬ ቤት ምሳ ቀርቧል፤ እየቀዘቀዘ ነው። አደጋው አሁን ነው፣ ነገ አይደለም። ጫማ አድርጊና ውጪ፤ እስክትወጪ ስልኩን አልዘጋም።»

«እትዬ፣ አንቺ ዕብድ ነሽ።»

«በዘር ይሄዳል ብላለች ሐኪሟ። በሩን ቆልፈሻል?»

ከዚያ ወዲህ እትዬ መልእክት መጻፍ ትታ በሰዓቱ መደወል ጀመረች። አንዳንዴ ትሰለቻለች፤ ስትሰለች ትናገራለች። «ብትወጃት ኖሮ» የምትለውን ግን ዳግመኛ ከአፏ አላወጣችም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እናትና ልጅ ብቻቸውን መነጽር ሊገዙ ወጡ። የእናትየው ዓይን ድኖ፣ ለማንበቢያ የሚሆን መነጽር ብቻ ነው የቀራቸው። አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ መስኮት ዳር ተቀመጡ። እናትየው አዲስ በበራላቸው ዓይን የሱቅ ምልክቶቹን ሁሉ እያነበቡ፣ «ይሄ ሱቅ ቀለሙ እንዲህ ነበር እንዴ? አረንጓዴ እኮ ነው!» ሲሉ፣ ቀልቤ ስለ አንዲት ጥሪ ማውራት ጀመረች፤ ድመቷ ዛፍ ላይ ወጥታባት አምቡላንስ ስለጠራች አሮጊት። ከድመቷ ወደ ልጅነቷ ወፍ ተሻገሩ፤ ከወፏ ወደ አያት፤ ከአያት ወደ አንድ ያረረ ድስት። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «እናቴ፣ መጨረሻው ነው፤ ከዚህ ወዲያ አልሄድም» እስኪላቸው ድረስ አውቶቡሱ ባዶ መቅረቱን ሁለቱም አላዩም።

ወረዱ። ሰፈሩን አንዳቸውም አያውቁትም። ጫፉ ላይ የችግኝ መሸጫ አለ፤ ተክሎቹን ውሃ የምታጠጣ ሴት አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ቀልቤ ፊቷ ቀላ፤ «ይቅርታ እማዬ፣ ልብ ማለት ነበረብኝ» ማለት ስትጀምር እናትየው ክንዷን ጨበጡ።

«ሁለታችን ተሳፍረን አንቺ ብቻ ነሽ የምትወቀሺው? እኔም እኮ መስኮት ዳር ነበርኩ። እስቲ ያንን ቢጫውን አበባ ቀርበን እንየው።»

ስልኩ ጮኸ፤ እትዬ ናት። እናትየው ከልጃቸው እጅ ወስደው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«የት ናችሁ?» ስትል ቀልቤም ሰማቻት።

እናትየው ዙሪያውን አዩ፤ ሜዳውን፣ ውሃ የምታጠጣዋን ሴት፣ ልጃቸውን። «አናውቀውም ልጄ» አሉ በደስታ፤ «ግን ቆንጆ ቦታ ነው፤ ከሥራ ስትወጪ ነይና እይው።»